የፀዳለ ፊልም

«ስልክህን።»

ሱፍያን ስልኩን አውጥቶ ለዘበኛው ሰጠ።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ካሜራ። አቶ አማኑ ፎቶ አንሳኝ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

ዘበኛው አሮጌውን ዜኒት አገላብጦ አየው። ከኋላው መስታወት የለው፣ ያነሳውን አያሳይ። ሳቀበት። «ይሄ ደግሞ የማን አያት ነው? ግባ በቃ።»

ወናጎ ባለው የአማኑ የቡና መጋዘን ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱም «ድርጭት» የሚል የምስጢር ስም አውጥቶለት፣ አሮጌ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ዲላ የላከው ለዚሁ ነው። ዲላ ግን ድርጭትን አታውቅም። የምታውቀው ሱፍያንን ነው፤ የስልክ ሽፋን እየሸጠ በስልክ ፎቶ የማያነሳውን፣ በፊልም ካሜራ ፍቅር የነሆለለውን ጎረምሳ።

ሥራው አንድ ነበር። ከአማኑ መጋዘን ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በድብቅ ወደ ሞያሌ ይወጣል። መኪናው ሲመለስ በቡና ጆንያ ውስጥ ጥይት ደብቆ ይገባል። ያንን በፎቶ ማስቀረት ነው።

ቀጠሮው ለነገ ነበር። አማኑ ግን ጠዋት ደውሎ «ነገ መንገደኛ ነኝ፣ አሁኑኑ ና» አለው። «ዋርካ» ለሚባለው የቅርብ አለቃው ቢደውል አይነሳም። ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ደግሞ አልቋል። አወጣውና ጫፉን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የተነሳበት ፊልም ጫፉ ይታጠፋል፣ ያልተነሳበት አይታጠፍም፤ በጋሽ ገሪማ ፎቶ ቤት ሕጉ ይኸው ነው። ፊልም የቸገረው ሰው ከመሳቢያው ወስዶ እሁድ ይተካል፤ ይኼም ሕግ ነው። ሽማግሌው ገበያ ወጥተው ነበር። ሱፍያን መሳቢያውን ስቦ ጫፉ ያልታጠፈውን አንሥቶ ካሜራውን አጎረሰው።

አሁን አማኑን በግቢው መካከል ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ አቶ አማኑ። እንደሱ።»

ቀጭ።

ያነጣጠረው አማኑ ላይ አልነበረም። ከትከሻው በላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ጆንያ ይተረትራሉ። ቡናው ሲፈስ ከሥሩ የብረት ሣጥን ብቅ አለ። ሣጥኑ ተከፈተ።

ጥይት።

ቀጭ። ቀጭ።

ከዚያ በመጋዘኑ ጨለማ በር ላይ አንድ ባለ ጥቁር ጃኬት ሰው ብቅ አለና ጆንያ ከሚተረትሩት አንዱን ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ሰላም አለው።

ዋርካ ነበር።

የሱፍያን ጣት ከሐሳቡ ቀደመች።

ቀጭ።

ዋርካ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ሁለቱም ተዋውቀው እንደማያውቁ ፊታቸውን አዞሩ።

ስልኩን በር ላይ ሲቀበል እየጠራ ነበር፤ ዋርካ ነው።

«ዕቃው ደርሷል?»

«ደርሷል።»

«የተለመደው ቦታ።»

ወደ ዲላ በሚመለሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ካሜራውን ጃኬቱ ሥር አድርጎ ፊልሙን ጠቀለለ። አወጣው። ጫፉን አጠፈ። በቀኝ ኪሱ የዛሬው፣ በግራ ኪሱ የእሁዶቹ።

እሁድ እሁድ የፎቶ ማኅበሩ አባላት በጋሽ ገሪማ ግቢ ይሰበሰባሉ። የሳምንቱን ፎቶ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይሰቅላሉ፣ ይተቻቻሉ፣ ይሳሳቃሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ናፍቆት የተሰቀለውን በማኅበሩ ገጽ ላይ ትለጥፋለች። በግራ ኪሱ ያለው ፊልም ላይ ናፍቆት መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ አለች። ጋሽ ገሪማ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ሲፈልጉ አሉ። ሱፍያን ዲላ ከገባ ወዲህ ሳይዋሽ የሠራው ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

ዋርካ ከመናኸሪያው ጀርባ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የአቮካዶ ጭማቂ በማንኪያ ይበላል።

«እኔም እንዳንተው ውስጥ ገብቼ ነው። ገብቶሃል አይደል?»

«ገብቶኛል።»

«ፊልሙን።»

ሱፍያን እጁን ኪሱ ከተተ።

ግራ ኪሱ።

ዋርካ ጠርሙስ የሚከፍት ይመስል ፊልሙን ጨበጠና ጫፉን ይዞ ሳበው። ግራጫው ፊልም እየተንሿሿ ጠራራው ፀሐይ ላይ ተዘረገፈ። ናፍቆትም፣ የጋሽ ገሪማ መነጽርም፣ እነዚያ እሁዶችም በአንድ ትንፋሽ ተቃጠሉ።

«ምን አደረግክ?»

«ላንተው ብዬ ነው። ሥራህን ጨርሰሃል። አመሻሽ ላይ መኪና ትወስድሃለች።»

የሱፍያን ዓይን እንባ ሞላ። ዋርካ ይህን አይቶ አመነው። ማስመሰል ግን አልነበረም።

ከሱፍያን በፊት እዚህ ተልኮ የነበረውንም ልጅ መኪና ነበር የወሰደችው። እስከ ዛሬ የደረሰበት አይታወቅም።

ሲወጣ አንዲት ባዶ ባጃጅ ተከተለችው። ሰው እጁን ሲያነሳ አትቆምም።

«ሱፌ፣ ምነው ፊትህ?» አሉ ጋሽ ገሪማ፣ ፎቶ ቤቱ ሲገባ።

«ጋሽዬ፣ አንድ ፊልም አሁኑኑ መታጠብ አለበት።»

«እሁድ አይደርስም?»

«እሁድ እኔ አልኖርም።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩትና ሌላ ሳይጠይቁ ወደ ጨለማው ክፍል ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ፀዳለ ካረፉ ወዲህ ጥያቄ አያበዙም። የሞቱት በክረምቱ መግቢያ ነው፤ ሱፍያን ድንኳን ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጦ አስተዛዝኗል። ያኔ አንድ ነገር ነግረውት ነበር። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አንድ ሙሉ ፊልም አንስቻታለሁ፣ እስካሁን አላጠብኩትም አሉት። «ካጠብኩት፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ፎቶ አይኖራትም።» ሱፍያን ያ ፊልም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈበት ይመስለው ነበር።

በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቀ። ባጃጇ ደጅ ቆማለች።

ጋሽ ገሪማ እርጥቡን ፊልም ይዘው ወጡና በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ሱፌ።»

«አቤት።»

«ይሄን ፊልም ከየት አመጣኸው?»

ቀረበ። ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ መጀመሪያ ያየው ጆንያዎቹን ነው። ከዚያ በጆንያዎቹ ላይ ነጠላ አየ። በሣጥኑ ላይ የሴት እጅ አየ። በአማኑ ግንባር ላይ አንዲት ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትስቃለች።

አንዱ ፊልም ሁለት ጊዜ ተነስቶበታል።

«ከመሳቢያው» አለ። «ጫፉ... ጫፉ አልታጠፈም ነበር፣ ጋሽዬ።»

«አዎ፣ አልታጠፈም። ማጠፍ አቃተኝ። ሳጥፈው እሷም ያበቃላት መሰለኝ።»

ሱፍያን ግድግዳው ላይ ተደገፈ። በሥራው ብዙ ሰው አታሏል፤ አሁን ግን ያልዋሸበትን ነገር ነው ያጠፋው። ይህን እንዴት ብሎ ይሸከመው?

ሽማግሌው ፊልሙን አንድ በአንድ አዩት። የግቢው ፀሐይ ሚስታቸውን በልቷታል፤ እዚህ ትከሻ ብቻ፣ እዚያ ነጠላ ብቻ። አንዷ ላይ ግን ቆሙ። የመጋዘኑ ጨለማ በር የሰፈረባት ናት። በጨለማው ውስጥ እትዬ ፀዳለ ፍንጭታቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

ጎናቸው ዋርካ ቆሟል።

«ይቺን ቆርጠህ ተውልኝ» አሉ። «ሌላውን ሁሉ ውሰድ።»

«አይሆንም ጋሽዬ። ከተቆረጠ ማስረጃ አይሆንም። ሰውዬው ያለውም እዚህችው ላይ ብቻ ነው።»

«እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለው ጥይት ነው?»

«ነው።»

«ማን ላይ ሊተኮስ?»

«እዚሁ ሰው ላይ።»

ጋሽ ገሪማ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠረጉ። «ስምህ ሱፍያን ነው?»

ሱፍያን ወደ መጋረጃው ዞረ።

«ለቅሶዬ የመጣኸውስ ለሥራህ ነው?»

«አይደለም። ለእርስዎ ነው የመጣሁት።»

«ፎቶውስ? ያ ሁሉ እሁድ?»

«እሱ እውነት ነው፣ ጋሽዬ። እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደው እትዬ ፀዳለ የሰፈሩን ሴቶች ፀጉር ይሠሩበት የነበረውን ማድረቂያ አመጡና ፊልሙን ያደርቁ ጀመር። ማድረቂያው ያጉረመርማል። ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ሁለቱም አይተያዩም።

አንድ ፎቶ ለማተም ብቻ ጊዜ ነበር። ጋሽ ገሪማ ከማጉያው ሥር ወረቀቱን አስተካክለው፣ ዋርካን ከዳር አስወጥተው እሷን ብቻ አተሙ።

«ነገሩ እስኪያልቅ እንዳይሰቅሏት» አለ ሱፍያን።

«እሺ።»

ደጅ የባጃጇ ሞተር ተነሳ። የሰው ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ።

ጋሽ ገሪማ ፊልሙን ጠቅልለው ወደ ትንሿ ጣሳ ከመክተታቸው በፊት ጫፉን ያዙ። አጠፉት። በእጃቸው አጥፈው ሰጡት።

«በጓሮ ሂድ።»

በሩ ሲንኳኳ ሱፍያን እንሰቱ ውስጥ ነበር።

ከኋላው የሽማግሌውን ድምፅ ሰማ። «ማነው? ዛሬ ዝግ ነው! ፎቶ የለም!»

ፊልሙ ሳይቆረጥ አዲስ አበባ ገባ። የተቀበለችው አለቃ በማጉያ መነጽር አይታ «ይቺ ሴትዮ ማናት?» ብላ ጠየቀች። «ጉዳዩ አይመለከታትም» አላት ሱፍያን። ዋርካና አማኑ በዚያው ሌሊት ተያዙ። ሱፍያን የሚባል ሰው ዲላ ውስጥ ኖሮ እንደማያውቅ ተደረገ፤ ሱቁ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። ማንንም ደህና ሰንብቱ አላለም።

ዓመት አለፈ። አሁን ሌላ ከተማ ጫማ ይሸጣል። ካሜራ አልያዘም። አንድ ቀን ገዢ ሲጠፋ የማኅበሩን ገጽ ከፈተ፤ መክፈት አልነበረበትም።

ገመድ። መቆንጠጫ። ፀዳለ ፍንጭታቸው እስኪታይ ይስቃሉ። በትከሻቸው ላይ ደብዘዝ ያለ የቡና ጆንያ ጥላ አርፏል፤ ጋሽ ገሪማ ሊያስወጡት ይችሉ ነበር፣ አላስወጡትም። ከሥሩ «ፎቶ፦ ገሪማ እና ሱፍያን» ይላል።

ናፍቆት ደግሞ ከታች ጽፋለች፦ «ሱፌ የት ጠፋህ? ጋሼ እሁድ እሁድ ገመዱ ላይ ያንተን ቦታ ክፍት ይተዋሉ።»

መጻፍ ጀመረ። አጠፋው። እንደገና ጀመረ።

«ጆሲ!» ብሎ አንድ ሰው ከበሩ ተጣራ። «ኧረ ጆሲ! አርባ ሁለት ቁጥር አለህ?»

የሚጠሩት እሱን መሆኑን እስኪያስታውስ ድረስ ቆየ።

«አቤት» አለ፣ ስልኩን ኪሱ ከቶ።