አባዬ ያለበት

ታምኑኛላችሁ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሆኗል ግን። መጨረሻውን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ሁሉ ምሳ የወጣበት ሰዓት። ቦታው እህቴ የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለች አንዲት ምድር ቤት።

ታላቅ እህቴ ሶፍትዌር ትሠራለች። በዩኒቨርሲቲው የተጻፉ ጥናቶች ሁሉ የሚቀመጡበትን የኮምፒውተር ማኅደር እየሠራች ነበር።

አሠራሯ ለየት ይላል። ኮዱን በእጇ አትጽፍም። ሥዕል ነው የምትሥለው። አንድ ሳጥን «ጥናት»፣ አንድ ሳጥን «ጸሐፊ»፣ አንድ ሳጥን «አማካሪ»... ሳጥኖቹን በመስመር ታያይዛለች። ከዚያ ቁልፍ ስትጫን፣ ማሽኑ ሥዕሉን አንብቦ ፕሮግራሙን ራሱ ይጽፈዋል።

ሥዕሉ ላይ የሌለ ነገር ፕሮግራሙ ላይ አይኖርም። ከየት ይመጣል?

«ሳጥን ስትሥል የምትውለው» እያልን እንቀልድባት ነበር። «የሬሳ ሳጥን እስካልሆነ ድረስ ምን ቸገራችሁ» ትለናለች።

ለሙከራ መጀመሪያ ያስገባችው የአባታችንን ጥናት ነው። አባዬ እዚያው አስተማሪ ነበር። ካረፈ ቆይቷል። እማዬ ግን ሐዘኑ አልወጣላትም፤ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ስታይ ደስ ይላታል ብላ ነው እህቴ።

የዚያን ቀን የጸሐፊዎቹን ገጽ ስትከፍት፣ ከስሞቹ ሥር ሥዕሏ ላይ የሌለ የጽሑፍ መስመር አየች።

«ያለበት» ይላል።

አጠገቧ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ነው የምትላቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው የጻፉት ጥናትም ገብቷልና ስማቸውን ከፈተችው።

ያለበት፦ እዚህ።

ጋሼ ሳቁ። «እውነቱን ነው። የት እሄዳለሁ?»

አገር ጥሎ የሄደ አንድ አስተማሪ ከፈተች።

ያለበት፦ ባሕር ማዶ።

ሌላ ከፈተች። የጋሼ ወዳጅ ናቸው።

ያለበት፦ ሐኪም ቤት።

«ኧረ ትናንት አብረን አልነበርንም እንዴ» አሉ ጋሼ፤ ስልካቸውንም አውጥተው ደወሉ። የሰውየው ሚስት አነሡ። ጋሼ ሰሙ... ሰሙና ስልኩን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አሁን ነው ያስገቧቸው። ልጆቹ እንኳ ገና አልሰሙም።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እህቴ ወደ ሥዕሉ ተመለሰች። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየች። «ያለበት» የሚል ነገር የለም። ፕሮግራሙን ከሥሩ አጠፋችና ከሥዕሉ እንደ አዲስ አስጻፈችው።

መስመሩ አሁንም አለ።

እጇ እሷን ሳያማክር የአባዬን ስም ከፈተ።

ያለበት፦ ከመሬት በታች።

«ማነው እንዲህ የሚቀልድብኝ?»

«ዝጊው» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

«ጋሼ፣ ማን ነክቶት ነው?»

«ልጄ... ዝጊው ብዬሻለሁ።»

ልትዘጋው ስትል ጽሑፉ ዓይኗ እያየ ተለወጠ።

ያለበት፦ መንገድ ላይ።

ውጭ ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ጋሼ ተነሥተው በሩን ቆለፉ። ኮቴው ቀረበ... በሩ ጋ ደረሰ... አለፈ። የባልዲ ድምፅ ተከተለው። የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች።

ጋሼ ተነፈሱ። እህቴ ግን ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም።

ያለበት፦ በር ላይ።

«ወደዚህ አይደለም የሚመጣው» አለች።

እማዬ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ደወለች። ጠራ... ጠራ...

«አቤት፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ሰው አለ እዚያ?»

«በር እየተንኳኳ ነው። ቆይ ልክፈት።»

«እንዳትከፍቺ።»

«ምነው?»

«በእግዜር ይዤሻለሁ፣ እንዳትከፍቺ።»

ከዚያ የእማዬ ድምፅ መጣ... የልጃገረድ ድምፅ ይመስል ነበር አለችኝ እህቴ።

«ሲያንኳኳ አውቀዋለሁ እኮ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። ስልኩ ተቋረጠ።

ያለበት፦ ቤት።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። እህቴ ስትደውልልኝ ከዩኒቨርሲቲው አልራቅኩም ነበርና ይዣት ወደ እማዬ ቤት ነዳሁ። መኪና ውስጥ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ «እታለም፣ ድካም ነው» አልኳት። «ንዳው ብቻ» አለችኝ።

ስንደርስ በሩ ገርበብ ብሏል።

እማዬ ሳሎን ተቀምጣለች። ደህና ናት። ፀጉሯን አበጥራለች። ከለቅሶው ወዲህ ከላይዋ ያልወረደውን ጥቁር ልብስ አውልቃ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

«እማዬ፣ ማነው የመጣው?»

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በሉ። ደክሞት ነው የተኛው።»

እህቴ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። መኝታ ቤቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

እህቴ ሥራውን ከለቀቀች ቆየች። ማኅደሩን ሌላ ሰው ከዜሮ ጀምሮ ሠራው አሉ። እማዬን እኛ ጋ እንውሰድሽ ስንላት «አባታችሁን ለማን ትቼ?» ትላለች። ይኸው ከዚያ ቤት አልወጣችም። እኔም ልጠይቃት ስሄድ ከሳሎኑ አላልፍም... ያን ቀን ያየሁትን ስላየሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሰው አልነበረም። መስኮቱ ዝግ ነው። ፀሐይ አልጋው ላይ ወድቃለች።

ትራሱ መሐሉ ላይ ሰርጉዷል። ፍራሹም ከግድግዳው በኩል የሰው ቁመት ያህል ጎድጉዷል። ብርድ ልብሱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። ከፍ... ዝቅ።

በሩን መልሼ ልዘጋ ስስበው ማጠፊያው ሲጥ አለ።

ብርድ ልብሱ ቆመ።

አልጋው ተንቋቋ... ያ ጉድጓድ ከግድግዳው በኩል ተነሥቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ ተገላበጠ።