የሸሸችው ምንጭ

«እንግዲያስ ውሃው የት ገባ? ተናገራ! ጣሊያን ድንጋይ መካብ ብቻ ነው ያስተማረህ?» አለች ጀማነሽ፣ ባዶ እንስራዋን አስቀምጣ እጇን ወገቧ ላይ እያደረገች።

«ኧረ ፋታ ስጡት!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ምን ፋታ! ምንጯን ከነሕይወቷ ቀበራትኮ!»

ነጋሳ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከጀርባው በምንጯ ዙሪያ ራሱ የገነባው ግንብ አለ፤ ከግንቡ ብቅ ያለችው የቀርከሃ አሸንዳ ጠብታ አልነበራትም። ጫጫታው እያየለ ሄደ። ተናኘወርቅ ከሴቶቹ መሐል ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየዋለች። ግንቡ ለምን ያን ያህል ከፍ እንዳለ ከሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ነጋሳ ጣሊያኖች ለሹማምንታቸው ቤት በሚሠሩበት ኮረብታ፣ ኋላ ካዛንቺስ በተባለው ቦታ፣ ግንበኛ ነበር። እዚያ ላይ ንጹሕ ውሃ በቧንቧ እየተጎተተ ይመጣል። ከቂርቆስ በታች ያለው የሱ ሰፈር ግን ከብት ከሚረግጣት ምንጭ ይቀዳል፤ ክረምት በገባ ቁጥርም ሆዱን የሚታመመው ሕፃን ብዙ ነበር።

አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ውሃ ሊጠጣ ወደ ምንጯ ወረደ። አንዲት ልጅ ጎንበስ ብላ በቅል እየጨለፈች እንስራ ትሞላለች።

«ወገብሽን አያምሽም?» አላት።

«ያመኛል። ታዲያ ምን ላድርግ? ውሃው ተነስቶ ወደኔ አይመጣ!»

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ውሃውን ሳይጠጣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ድንጋይ እየተሸከመ መውረድ ጀመረ። ከብት እንዳይገባ ምንጯን አጠረ፤ ግንቡን ደግሞ ከፍ አደረገው። ውሃው ግንቡን ሞልቶ በአሸንዳው ሲወርድ፣ ተናኘወርቅ እንስራዋን ደቅና ቀጥ ብላ እንድትቆም ነበር ሐሳቡ። መጀመሪያ ላይ ሆነለትም፤ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ፣ እሱም ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ኋላ ግን ውሃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጨርሶ ጠፋ።

አሁን ፍርዱን የሚሰጡት እኒሁ አባቷ፣ አቶ ወልደአረጋይ ነበሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ሰፈሩን ያስጠማ ለሰፈሩ ይቅዳ» አሉ። «ከወንዙ፣ በእንስራ፣ በጀርባው። የላክኸውንም ሽማግሌ ሰምቻለሁ። ውሃ ላጠፋ ሰው ልጅ አልድርም። ውሃው ሲመለስ ና።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እንስራ ያዘለ ወንድ ማን አይቶ ያውቃል!

ነጋሳ ግን በማግስቱ አዘለ። ከሥራ እንደወጣ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየው ወደ ወንዙ ወረደ። በየደጃፉ የተቀመጡት ተቀባበሉት።

«ሙሽሪት መጣች!»

«ቀስ በይ እህቴ፣ እንዳያዳልጥሽ!»

«ከመሳቅ ባል ፈልጉልኝ» አላቸው ነጋሳ፣ ከእንስራው ሥር ጎብጦ። «ሙያውን እንደሆነ ታዩታላችሁ!»

እየዋለ እያደረ ሳቁ መልኩን ለወጠ። አራስ ካለችበት ቤት፣ ዓይነ ስውር ካሉበት ቤት አስቀድሞ ያደርሳል። ጀማነሽ እንኳ አንድ ቀን እንስራውን ስታወርድለት «የኔ ባል እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት!» ብላ አጉረመረመች።

ተናኘወርቅ የራሷን እንስራ ይዛ አብራው ትወርድ ነበር።

«ገመዱን ወደ ደረትህ አውርደው። እንዲህ ከያዝከው ያንቅሃል።»

አወረደው።

«ለምን እውነቱን አትነግራቸውም? ለኔ ብለህ ከፍ እንዳደረግከው?»

«ብነግራቸው እንስራውን አንቺን ያሸክሙሻል።»

«ያው ተሸክሜዋለሁኮ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኖቻቸው አልተላቀቁም፤ ፊቷን ያዞረችው እሷ ነበረች፣ ጉንጯ እየጋለ።

ከግንቡ በታች ባለው ቁልቁለት ሲያልፉ ነው ድንገት ቀጥ ያለችው። በጋው ሣሩን ሁሉ አድርቆታል፤ እግሯ ሥር ያለው ግን አረንጓዴ ነው።

«ነጋሳ፣ እግሬ ረጠበ!»

እንስራውን አወረደና ተንበረከከ። ሣሩን ነቀለ፣ ጭቃውን በጣቱ ጫረ፤ ከጭቃው ሥር ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ወጣና ጉድጓዱን ሞላው። ቀመሰው።

«ግንቡ ከብዷት ነው» አለ። «ሽቅብ ነይ አልኳት፤ እሷ ሥር ለሥር ቁልቁል ሸሸች።» ቀና ብሎ አያት። «እዚህ ካወጣናት ግን አፏ መሬት ሊነካ ነው። ትጎነበሳላችሁ።»

«እንጎነበሳለና! እስከ ዛሬስ ቆመን ነው የቀዳነው?»

ከፍ ያለውን ግንብ በገዛ እጁ አፈረሰው። ሰፈሩ ዶማ ይዞ ወረደ፤ ጀማነሽ ጠጠር ታመላልሳለች፣ ሽማግሌዎቹ ከብት ይመልሳሉ። ከምንጯ መውጫ አንሥቶ እስከ ረጠበው ሣር ድረስ ቦይ ተቆፈረ፣ ጠጠር ተሞላ። ቀርከሃ ከመሬት በታች ስለሚበሰብስ ነጋሳ አንድ ማለዳ የብረት ቧንቧ ተሸክሞ መጣ።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው ተናኘወርቅ ቀስ ብላ።

«ከላይ። አለቃችን ካቦው ሳያይ።»

ሌላ አልጠየቀችውም። ከሥራው ቦታ ሚስማር ደብቆ የተያዘ ሰው ተገርፎ እስር ቤት እንደሚገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቧንቧውን በአንድ ጫፍ ይዛ አብራው አስቀመጠች።

ውሃው መጀመሪያ ደፍርሶ መጣ፤ ቀጥሎ ጠራ፤ ቀጥሎ እንደ መስተዋት ሆነ። አቶ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን ጥለው ጎንበስ አሉና በመዳፋቸው ጠጡ። ጺማቸው እየተንጠባጠበ ነጋሳን ወደ ዳር ጠሩት።

«ይህ ብረት የላይኞቹ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ይፈልጉታል?»

«ነገ የዕቃ ቆጠራ አለ። የጎደለው ከኔ ምድብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።»

ሽማግሌው ተከትላ መጥታ ከጎናቸው በቆመችው ልጃቸው ላይ ዓይናቸውን ጥለው ቆዩ።

«ቧንቧውን አፈር አልብሰነዋል፤ አፉንም በድንጋይ እንሸፍነዋለን። የሱን ነገር ለኔ ተወው» አሉ። «አንተ ግን ነገ እዚህ እንዳትገኝ።»

«ቢሾፍቱ አክስት አለችኝ።»

«መልካም።» ከዚያ ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ። «አንቺም እዚህ እንዳትገኚ።»

«አባዬ?»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ውሃው መጥቷል። በዚህ ዘመን ከበሮ መተን ሰርግ ብንደግስ ወታደር ነው የምንጠራው።» እጃቸውን በየተራ በሁለቱም አናት ላይ ጫኑ። «ውለዱ፣ ክበዱ። ሂዱ እንግዲህ፣ ሳይመሽ።»

ሁለቱም የሽማግሌውን ጉልበት ሳሙ።

በቧንቧው በኩል ጩኸት ተነሣ። አንዷ የቀደምኩት እኔ ነኝ ትላለች፣ ሌላዋ ትገፋለች፤ ሕፃናቱ ከሥራቸው ሾልከው አፋቸውን ውሃው ላይ ይደቅናሉ። አቶ ወልደአረጋይ «ተራ! በተራ!» እያሉ ወደዚያ ሮጡ። ጀማነሽ ፊቷን ታጥባ፣ ዳግመኛ ታጥባ፣ ደረቷ እስኪርስ ትስቃለች። ነጋሳና ተናኘወርቅ በላንቻ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ይዘው፣ ጎን ለጎን፣ ሳይቸኩሉ ወረዱ።