አንዲት ጉርሻ በኢምራን ቤት

ረዳ ገበታው ላይ እንደ ተደፋ ሞተ። ሐኪሙ «መርዝ ነው» አለ። ኢንስፔክተር አምለሰት ምግብ ቤቱ ስትደርስ የቡሬ ሰው ከፖሊስ ቀድሞ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። «ፓኪስታኑ መረዘው!» ይላል ደጅ የተሰበሰበው። ከከተማው ፋብሪካ መሐንዲሶች ጋር መጥቶ ምግብ ቤት የከፈተው ኢምራን ከምድጃው አጠገብ ቆሞ በሩን በሩን ያያል። ገዳዩ ቶሎ ካልተገኘ ሰዉ ይህን እንግዳ ከነቤቱ እንደሚያቃጥለው አምለሰት ታውቃለች፤ ፈራችለት።

ረዳ፣ ሚስቱ ንግሥቴና ጎረቤታቸው እጅጉ ከፈረስ ቤት ከተማ ተነሥተው ለሰርግ ሲሄዱ ነበር ለምሳ የቆሙት።

«እዚህ እንብላ ያለው ማን ነው?»

«ጋሽ እጅጉ ናቸው» አለች ንግሥቴ። «‹ዕድሜ ልካችንን ሽሮ፤ ዛሬ እንኳ የሰው አገር ምግብ እንቅመስ› አሉ። ሥጋቸውን አንነካም ብለን ምስር አዘዝን። በአንድ ሰሀን ቀረበልን።»

«ሦስታችሁም በላችሁ?»

«በላን። ቅመሙ እንግዳ ነው እንጂ ይጥማል። ረዳዬ ግን በመሃል ‹መረረኝ› አለ። ጋሽ እጅጉም ‹የነሱ ምግብ እንዲህ ነው፣ ዋጠው› አሉት። ዋጠው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር ሲውጥ ይታየኛል።»

አምለሰት እጅጉን ለብቻው አስቀመጠችው።

«ከረዳ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ታርቀናል» አለ። ስለ ጠብ ማንም እንዳልጠየቀው ልብ አላለም። ከበስተኋላው ሰው የቆመ ይመስል ዞር ዞር ይላል።

አስተናጋጇ ያምሮት ደግሞ ዓይነ ፈጣን ናት። «ሚስቱ ሁለቴ አጎረሰችው። ሰውዬው አንዴ አጎረሱትና ወዲያው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ምግቡ ገና ግማሽ ነበር።»

በማግስቱ አምለሰት ሁሉንም እዚያው ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ሰሀኑ አንድ ነው። መርዙ ምስሩ ውስጥ ቢሆን ሦስት ሬሳ በተነሣ ነበር። ስለዚህ ኢምራን የለበትም።» ኢምራን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «መርዙ የነበረው ወደ ረዳ አፍ ብቻ በገባ ጉርሻ ውስጥ ነው። ንግሥቴ ሁለቴ አጉርሳው በዚያው እጇ መብላቷን ቀጥላለች። እርስዎ ግን፣ አቶ እጅጉ፣ አንዴ ብቻ! አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ጎጃሜ ሆነው ጠፍቶዎት አይደለም። ያ እጅ እንደገና ሰሀኑን መንካት ስለማይችል ነው። ደግሞስ ንግሥቴን የጣማትን ምስር ‹እንዲህ ነው፣ ዋጠው› ያሉት ምን ቢያውቁ ነው? ረዳን እዚህ ያመጡትም ምሬቱ በእንግዳው ቅመም እንዲሳበብ ነው። የለመደው የቤቱ ወጥ ቢመረው ይተፋው ነበራ።»

እጅጉ አልካደም።

«ወንድሜን ገብረ ሕይወትን የገደለው ረዳ ነው። ሽማግሎች አስታረቁን፣ መስቀል ስመን ማልን። እኔስ ከልቤ ታርቄ ነበር። ወንድሜ ነው ያልታረቀ። ሌሊት ሌሊት እየመጣ ግርጌዬ ይቀመጣል። ‹ከገዳዬ ጋር ትበላለህ?› ይለኛል።»

አምለሰት ስለ ሙታን መንፈስ የመጠየቅ ልማድ የላትም። የዚያን ቀን ግን ሳትጠይቅ ማለፍ አልቻለችም።

«ትናንት ሌሊትስ መጣ?»

«አልመጣም። ያደርሁበትን የአልጋ ቤት በር ከፍቼ ጠበቅሁት። እስኪነጋ ስሙን ጠራሁት።» እጆቹን አየ። «አሁን መልኩም ጠፋኝ» አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።