ዓርብ ቀን የዓሣውን ውሃ ማን ቀየረው?

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ወላሂ፣ ወሎ እያለሁ እናቴ ቃልቻ ቤት ይዛኝ ስትሄድ ውጭ ተቀምጬ ሽንብራ የምቆረጥም ልጅ ነበርኩ፣ ካርቱም መጥቼ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ስሠራም ሴቶቹ ስለ ጅን ሲያወሩ “ጅን ካለማ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ዕቃ ይጠብልኝ” እያልኩ እስቅባቸው ነበር። አሁን ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ሳሃፋ ሰፈር፣ ሐጃ አሚና የሚባሉ ባልቴት ቤት ነበር። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ማዚን ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ሚስት አላገባም፣ “ያገባኸው ዓሣ ነው” እያልኩ አሾፍበታለሁ፣ ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ሙሉ ዓሣ አለው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ሱሪውን ጠቅልሎ ሩቡን ውሃ በጎማ ያወጣና በባልዲ ያደረ ውሃ ይጨምርበታል፣ ከዚያ በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ከገንዳው ቀድቶ መድኃኒት ጠብ ያደርግበታል፣ ቢጫ ከሆነ ደኅና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ተመርዟል።

አንድ ጊዜ እሱ በሌለበት የገንዳው ማጣሪያ ስፖንጅ ቆሽሾ ባየው፣ ባለሙያ መሆኔ ነው፣ በሳሙና እስኪነጣ ፈትጌ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን አራት ዓሣ ሞተ። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ሳቀና “አንቺ ዘሃራ፣ የሚያኖራቸው እኮ ያ ቆሻሻ ነው፣ ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው ውሃ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው” አለኝ። እዚያ ቤት ይህን የምናውቅ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሐጃማ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው ባልዲ ቀርቶ ማንቆርቆሪያ አያነሱም።

ጦርነቱ ሲመጣ ማዚን ለእናቱ መድኃኒት ልፈልግ ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ስልኩ አይሠራም። ከሰላ ከተማ ያሉት የሐጃ እህት ኑ ኑ ይላሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አልቋል፣ ከባድ መሣሪያ ጣሪያችን ላይ ያጓራል፣ ሐጃ ግን ንቅንቅ አይሉም። “ልጄ መጥቶ ቤቱን ባዶ፣ ዓሣዎቹን ሞተው ቢያገኝ ምን እለዋለሁ?” ይሉኛል። ለምኜ ለምኜ ሰለቸኝ። ጥያቸው ልሂድ? አንጀቴ እንዴት ይችላል! መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ስለቆመ፣ ዓሣዎቹ አየር እንዲያገኙ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ ሳፈስ እውላለሁ።

አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ጠብታውን ባደርገው ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ዓሣዎቹ ላይ ላይ ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። ቤት ያለው የምንጠጣው አንድ ጆግ ውሃ ብቻ ነው። ሐጃን ሶፋ ላይ ትቼ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ ወደሚሸጡበት ሄድኩ። እዚያ የማዚንን ጓደኛ አየሁት። ፊቱን ሲያዞርብኝ ገባኝ፣ ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት።

“ሦስት ሳምንት ሆነው” አለኝ። “እኔው ነኝ የቀበርኩት። ለእናቱ ልነግር ስንት ጊዜ ተነሣሁ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። በአላህ፣ አንቺ ንገሪያቸው።” ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝና ሄደ።

ጀሪካኑን ተሸክሜ፣ መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው እያሰብኩ መጣሁ። ቁልፉ እንደ ቆለፍኩት ነው። በሩ ጋ ስቆም ከውስጥ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ይሰማኛል፣ ቀጥሎ ባልዲ መሬት ሲነካ ቋ አለ። ከፈትኩ፣ ጸጥ አለ።

እመኑኝ፣ ገንዳው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ውሃው ጥርት ብሏል፣ ዓሣዎቹ ታች ወርደው ይጫወታሉ። ባልዲው ውስጥ ቡናማ የቆሸሸ ውሃ አለ፣ አጠገቡ ስፖንጁ ተጨምቆ ተቀምጧል። ቱቦው መደርደሪያው ላይ ቆሟል፣ ቢጫ።

“ሐጃ፣ ማነው የመጣው?”

“ማዚን ነዋ!” ፊታቸው በርቷል። “ውሃውን ቀይሮ፣ ግንባሬን ስሞኝ አሁን ወጣ። ‘ከሰላ ሂጂ፣ እኔ እከተልሻለሁ’ አለኝ። ያላ፣ ልብሳችንን አዘጋጂ! ለመሆኑ በር ላይ አላገኘሽውም?”

ምን ልበል? እውነቱን ብነግራቸው ከዚያ ሶፋ አይነሱም፣ እዚያው ይሞቱብኛል። “አገኘሁት፣ ሐጃ፣ ሰላም ብሎኛል” አልኳቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ። በማግስቱ ዓሣዎቹን እያየሁ ስቅስቅ ብዬ አልቅሼ ወጣን።

አሁን ከሰላ ነን። ሐጃ ለመጣው እንግዳ ሁሉ “ልጄ ደኅና ነው፣ ዘሃራም አይታዋለች” ይላሉ፣ ሰዉ ወደ እኔ ይዞራል፣ እኔም አዎ እላለሁ። ልጃቸውን እንዳያለቅሱት ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፣ ይህ ያንገበግበኛል። ባለፈው ሳምንት እህታቸው “ምን ለብሶ ነበር?” ብለው አፋጠጡኝ። እኔ አፌ ላይ የመጣልኝን “ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ የወለቀ” አልኩ። የማዚንን ልብስ ሁሉ የማጥበው እኔ ነኝ፣ እንዲያ ያለ ሸሚዝ የለውም።

ሐጃ ጭናቸውን መታ አድርገው ሳቁ። “እሱኑ እኮ ነው የለበሰው! ‘ቆይ፣ ዘሃራ ቁልፉን ትትከልልህ’ ስለው፣ ‘ጊዜ የለኝም፣ እማዬ’ አለኝ።”

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ከፈን አይገኝም ነበር፣ ሰው በለበሰው ልብስ ነበር የሚቀበረው። ጓደኛውን ምን ለብሶ ነው የቀበርከው ብዬ ልጠይቀው ስንት ጊዜ ስልኩን አንሥቻለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።