ሥር የሌለው ጊዜዋ

ስሙኝማ፣ እኔ መንፈስ፣ ዓይነ ጥላ፣ ምንትስ ሲባል ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ ስሠራም በዓይኔ ያላየሁትን አምኜ አላውቅም፣ የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ እኔው ራሴ «ወይ ጉድ፣ ደግሞ ጀመራት!» እል ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው፤ የመድኃኒት ተክል ቅጠል በትንሽ በትንሹ ቆራርጠን፣ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር ባለበት የረጋ ምግብ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ቁራጩ ሥርም ቅጠልም የሌለው፣ ሊጥ የመሰለ ድቡልቡል ሆኖ ያድጋል፣ ከእሱ ነው እብጠትና ሕመም የሚያስታግሰውን ነገር የምናወጣው። ባለፈው ክረምት ተራው ጊዜዋ የሚሉት ተክል ነበርና ቡሬ አጠገብ ወደ መድኃኒት ቀማሚው ወደ መሪጌታ ስመኘው ጓሮ ሄድኩ።

«በማን ስም ልቁረጠው?» አሉኝ።

«ለምርምር ነው መሪጌታ፣ የማንም አይደለም።»

«ያለ ሰው ስም አይቆረጥም ልጄ።»

ባጃጁ ውጭ ክላክሱን ያስጮኸዋል፣ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ይላል፣ እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን የእናቴን የክርስትና ስም ጠራሁ፣ ወለተ ሥላሴ። እናቴ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ደጅ መውጣት ካቃታት ቆይቷል፣ ምን ይጎዳል አልኩ፣ ሞኝ! መሪጌታ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠርተው ቆረጡና «የተረፈውን እሳት እንዳይነካው፣ ወደ አፈር መልሺው» አሉኝ፣ እሺ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

አምስት ጠርሙስ ሠራሁ። ድቡልቡሉ ማደግ ሲጀምር እናቴ በምርኩዝ ተነሣች፣ በሁለተኛው ወር ያለ ምርኩዝ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ በደስታ አለቀስኩ እንጂ ከጠርሙሱ ጋር አላገናኘሁትም፣ እመኑኝ።

ከዚያ አራቱን ሻጋታ ያዛቸው። ሻጋታ የያዘው ሌላውን እንዳይበክል በእንፋሎት ተቀቅሎ ይጣላል፣ ደንብ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መቀቀያው ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት፣ ሲግል ከውስጡ ኳ አለ፣ ቆይቶ ደግሞ ኳ፣ ጠርሙስ ነው የሚጋጨው ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ፣ አራት ጊዜ ብሎ ዝም አለ፣ ልክ አራት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ ጎረቤታችን ናት፣ «ኧረ ድረሽ፣ እናትሽ ተቀቀልኩ እያለች ትጮኻለች!»

ስደርስ ጉልበቷ ቀልቶ ይፋጃል፣ ቤት ውስጥ እሳት አልነደደ፣ የፈላ ውኃ የለ። ዓይኔን ትክ ብላ እያየች «ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?» አለችኝ። በማግስቱ ስጠይቃት እንዲህ ማለቷን አታስታውስም።

ቡሬ በረርኩ። መሪጌታ ሰምተው ሲያበቁ «የቀረውን አፈር አልብሺው» አሉ።

«ሥር የለውም እኮ መሪጌታ! ከጠርሙሱ ከወጣ አንድ ቀን አያድርም!»

«ሥር ነሥታችሁ ነው የምታሳድጉት?» አሉኝና ገብተው በሩን ዘጉ።

አሁን አንድ ጠርሙስ ቀርቶኛል። በየአራት ሳምንቱ ቆርጬ አዲስ ምግብ ላይ ካላዛወርኩት ይሞታል፣ በቆረጥኩ ቁጥር ደግሞ እናቴ ቤቷ ተቀምጣ «ውይ!» ትላለች አሉ፣ ሰዓቱን ከጎረቤታችን ጋር አመሳክሬያለሁ። ስቆርጥ ይቅር በይኝ እማዬ እላለሁ፣ እኔ፣ ያቺ ሳቂታዋ!

ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳየው፣ ድቡልቡሉ ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ ነገር አየሁ። ሻጋታ ትሁን ሥር አልለየሁም፣ ሻጋታ ከሆነች ነገ መቀቀል አለበት፣ ፈራሁ፣ ለማንም ሳልናገር ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቅሁት። ምሳ ልበላ ቤት ስገባ እናቴ እግሯን ዘርግታ አውራ ጣቷን ታሻሻለች።

«እዚህ ጋ ነጭ ነገር ወጣብኝ፣ እስኪ እይልኝ» አለችኝ።

ጨለማ ነው አይታየኝም ብያት ወጣሁ። ቀን ሰባት ሰዓት ነበር፣ ፀሐዩ እንደዚያ እየነደደ።