ሳሉን ማን ይንገር?

«ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ።»

የልጅቱ አባት አነሳ። የግራው ብቻ ወጣ፤ የቀኙ እንደተኛ ቀረ።

«አሁን ጉንጭዎን ይንፉ» አለች የነርቭ ሐኪሟ። አየሩ በከንፈሩ በስተቀኝ ሹልክ ብሎ አመለጠ።

«ጎማው ተንፍሷል፣ ዶክተር!» አለና በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ሹፌር ነው፤ ቀልዱ ሁሉ ከመኪና አይርቅም።

ልጁ አልሳቀችም። ጥግ ተቀምጣ የከንፈሯን ቆዳ ትነጫለች። አባቷ ለዓይን ሐኪሙ ስለ ዓይኑ መቅላት ብቻ ነግሮ ጠብታ ተሰጠው። ለደረት ሐኪሙ ስለ ሳሉ ብቻ ነግሮ ሽሮፕ ይዞ ወጣ። ለምን ሁሉንም አትናገርም ስትለው «የሰው ሥራ ውስጥ አይገባም። አንቺ ለጎሚስታ ስለ ፍሬን ትነግሪያለሽ?» ብሏት አረፈው። ጠብታውም ሽሮፑም አልቀዋል፤ ዓይኑ እንደቀላ፣ ሳሉም እንዳለ ነው። አሁን ደግሞ ፊቱ ተጣመመ።

«ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! የመኪና መስኮት ንፋስ ነው የመታኝ።»

 የልጅቱ እናትም እስከ መጨረሻው «ምንም አይደለም» እንዳለች ነው የሞተችው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል። አንዳንዴ ግን ሳንባንም ዓይንንም የሚያስቆጣ በሽታ ነርቩንም ይይዘዋል። ያኔ ምርመራውም መድኃኒቱም ሌላ ነው። ፊትዎን ብቻ አይቼ ልለየው አልችልም።»

አባቷ በመሐረብ የአፉን ጥግ ጠረገና ወደ ልጁ አየት አደረገ። የዚያ አስተያየት ትርጉም ገብቷታል። ከሰሞኑ መንገዱ ሁለት እየሆነ ይታየዋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚነዳው። ጠዋት ደረጃው ላይ እጇን ይዞ «ትንፍሽ እንዳትይ፣ የኔ ጠበቃ። መንጃ ፈቃዴን ቀምተውኝ ቤት ልጠብቅ?» ሲላት፣ እሺ ብላዋለች።

«እንግዲያው ለፊትዎ የሚሆን ልጻፍልዎት» አለች ሐኪሟ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አባቷ፤ ለመነሳትም ተመቻቸ።

ልጅቱ ቀድማው ተነሳች። ወንበሯን ጎትታ ከጠረጴዛው አጠገብ አደረገችና ተቀመጠች።

«አንቺ!» አለ አባቷ በቁጣ።

ዞራ አላየችውም። ብታየው እንደምትተወው ታውቃለች።

«ዶክተር» አለች። «ከሳሉ ልጀምር ወይስ ከመንገዱ?»