ባዘቶ ውስጥ ያደረው ካሜራ

«ቁም! ኧረ ቁም! ድሩን ረገጥከው!»

ቤርሳቤህ ጮኸች፤ ግን ረፍዶ ነበር። ከሰኔ ዝናብ እየሸሸ ሽመና ቤቱ የገባው ረጅም ወጣት፣ በቤቱ መሃል በተወጠረው የነጠላ ድር ላይ ዘው አለ። ክሩ ጧ ጧ እያለ ተበጠሰ። አባቷ ጋሽ ካሣዬ ሦስት ቀን የለፉበት ድር!

«ይቅር በይኝ... የኔ እመቤት... አላየሁትም።»

«ዓይንህ የት ነበር?»

«እዚህ ላይ» አለና ከሸሚዙ ሥር ካሜራ አወጣ። ውሃው ይንጠባጠባል። እንደታመመ ልጅ አቅፎታል።

አምኃ ይባላል። ተወልዶ ያደገው ናይሮቢ ነው፤ ወላጆቹ ግን የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች ፎቶ አንስቶ ለአንድ መጽሔት ሊያስረክብ መጥቷል። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው ነው፤ ያለውም ካሜራ ያው አንድ።

«አማርኛህ ግን የአሮጊት ነው» አለችው፣ ቁጣዋ ሳይበርድ ሳቅ እያመለጣት።

«ከእናቴ ነው የተማርኩት፤ ምን ላድርግ?»

ያን ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠው የተበጠሰውን ክር ቋጠሩ። እሱ አንድ ሲቋጥር እሷ አሥር። ሊሄድ ሲነሳ ተለማመጣት።

«ያረፍኩበት ክፍል እርጥብ ነው። ካሜራው እዚህ ይደርልኝ። ግን እባክሽ፣ ማንም እንዳይነካው።»

ምነው በሰማችው! ልቧ ግን አላስቀምጣት አለ። እርጥብ ልብስ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ይሸታል እንጂ መቼ ይደርቃል? ሌንሱን እንዴት እንደሚያወልቅ አይታው ነበርና ጠምዘዝ አድርጋ አወለቀችው። ከዚያ ባዘቶውን አመጣች፤ ተነድፎ ለፈትል የተዘጋጀውን ለስላሳ ጥጥ። ውስጡን በባዘቶ ሞላችው፤ ዙሪያውን ጠቀለለችው። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፤ ይህን ከሸማኔ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? በማግስቱ አውጥታ፣ ሌንሱን መልሳ፣ ምንም እንዳልነካች ሆነች።

«ሠራ!» ብሎ ዘለለ አምኃ። አባቷን ፎቶ አነሳ። እሷን አነሳ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። በየፎቶው ላይ፣ በጋሽ ካሣዬ ግንባር ላይ ሳይቀር፣ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ተጋድሟል።

«ውሃው ውስጡን በልቶታል። ሁለት ሳምንት ልቆይ ነበር... በቃ፣ ቅዳሜ ናይሮቢ እመለሳለሁ።»

ውሃ እንዳልሆነ ቤርሳቤህ ገባት። ልትናገር አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው። «ማንም እንዳይነካው» ብሏት የለ?

ከዚያ ወዲያ መቀመጥም መቆምም አቃታት። የያዘችው ክር ይበጠሳል፤ የቀረበላት ምግብ ይቀዘቅዛል። አምኃ በመጣ ቁጥር ጎረቤት፣ ዘይነብ ሱቅ ትደበቃለች።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ዘይነብ፣ «ያ ሰውዬ ድራችሁን መበጠሱ አንሶ አንቺንም ከቤት አስወጣሽ?»

«ተይኝ ዘይነብዬ፣ ጨንቆኛል።»

«ትናንት ‹እጮኛ አላት እንዴ?› አለኝ። ፊቱ ሲያሳዝን! ምን ልበለው?»

ዐርብ ጠዋት ቤርሳቤህ አላስችል አላት። ውሃ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ጥጥ ከሆነ ግን ይጸዳል። ዝም ካለች ሥራውን ያጣል። ከተናገረች እሱን ታጣለች። የታክሲው ሰልፍ አልንቀሳቀስ ሲላት እስከ አዲሱ ገበያ በእግሯ ሮጠች። ማረፊያው በር ላይ ሻንጣውን ሲዘጋ ደረሰች።

«ጥጥ ነው!» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትለው።

«ምኑ?»

«ውሃ አይደለም! ባዘቶ ከትቼበት ነው... እንዲደርቅልህ ብዬ። ይጸዳል። እኔን ብትጠላኝም ካሜራህን አስጸዳው!»

አምኃ ሻንጣውን ትቶ ቀና አለ።

«ሦስት ቀን ሙሉ እያየሽኝ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን እኮ ያሳመመኝ ካሜራው ብቻ አይደለም። ስትሸሺኝ ጊዜ... የታጨሽ መስሎኝ ነው።»

«የምን መታጨት! ጥጥ ነው እያልኩህ!»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እሷ ግን አለቀሰች።

መርካቶ ያለ አንድ ጠጋኝ የካሜራውን ውስጥ በአየር ነፋ ነፋ አደረገና በመቆንጠጫ አንዲት ብጣሽ ጥጥ መዘዘ። ይህቺው ናት ያን ሁሉ ጭንቅ ያመጣችው! አምኃ ሁለት ሳምንቱን ቆየ፤ ፎቶውን ጨረሰ፤ ሄደ።

«ለመስቀል እመጣለሁ» አላት።

«የሚሄድ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

ክረምቱ እንዴት ረዘመ! ይደውላል፤ ግን የስልክ ድምፅ ምን ልብ ያሳርፋል? የሰው አገር ሄዶ የቀረ ስንት አለ። በር በተንኳኳ ቁጥር ክር ከእጇ ይወድቃል።

የመስቀል ሰሞን በሩ ተንኳኳ። አምኃ ነበር፤ ከኋላው እናቱና ሦስት ሽማግሌዎች። አዲስ ድር በቤቱ መሃል ተወጥሯል፤ ቤርሳቤህ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ናት። ልትሮጥ ብድግ አለች።

«ቆዪ! አትነሺ» አላት።

ጫማውን አወለቀ። ግድግዳውን ታኮ፣ በጠባቧ መተላለፊያ፣ ትንፋሹን ውጦ ድሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞረውና አጠገቧ ደረሰ። አንዲት ክር አልነካም።

ጋሽ ካሣዬ መወርወሪያውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

«አሁን ሰው ሆነህ መጣህ» አሉት። «በል፣ ሽማግሌዎቹን አስገባቸው። ግን እነሱም ዞረው ይምጡ!»